የህሊና ቀኝ ትከሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወታደሯ የልጅ ልጄ ህሊና ዛሬ በፈቃድ ቂርቆስ መጣች። ለእናቷ የነገረቻት የካምፑ ጽሕፈት ቤት እንደምትሠራ ነው። እንደ ልማዳችን ትከሻ ለትከሻ ስንገጫጭ ግን ፊቷ ጭምድድ አለ። እኔም የድሮ ወታደር ነኝና ያን ሕመም አውቀዋለሁ።

«ወረቀትም እንደ ክላሽ ወደ ኋላ ይመታል እንዴ?» አልኳት።

«በር ገጭቶኝ ነው፣ አባባ። አይሳቁ።»

ምሳ ላይ እናቷ ጓዳ ስትገባ ህሊናን በነገር ነካ አደረግኳት። «የዛሬ ወታደር ሠላሳ ጥይት፣ ሙሉ ካዝና አርከፍክፎ አንድ ዒላማ አይመታም አሉ።»

«ማን ሠላሳ ይሰጠናል? ለልምምድ ካዝናው ውስጥ ከአምስት በላይ ማጉረስ አይፈቀድም» አለችና ድንገት ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች።

ጸሐፊዋን እንዲህ ተኩስ የሚያለማምዷት ወዴት ሊልኳት ነው?

ስትሄድ ግራ ትከሻዋን አቀረበችልኝ። እናቷ እያየችን ስለነበር እኔም ሳልጠይቅ በግራዬ ገጨት አደረግኳት።