ለፌቨን ድራም ቤት ፍለጋ

ሰኞ

ወንዙ አላሳለፈንም። ቅዳሜ ድምፅ ማጉያ ላደርስ መቻራ መጣሁ፤ ዛሬ ወደ ጭሮ ልመለስ ስነሳ መንገዱ ተቆርጧል። ሦስት አይሱዙ ከፊታችን ቆመዋል። ሾፌሮቹ ጥላ ፈልገው ይቅማሉ። የሚቸኩለው እኔ ብቻ ነኝ።

የሚያስቸኩለኝ የፌቨን ዘፈን ነው። ፌቨን የጭሮው ሮክ ባንድ ድራመር ናት፤ ቀን ቀን ላብራቶሪ ትሠራለች። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ቀዳኋት። በሳምንቱ ከባጃጅ ወድቃ እጇ ተሰበረ፣ አሁን ጀሶ ውስጥ ነው። ዳግም መቅዳት የለም። ድሬዳዋ መድረክ ላይ የሚወጡትን ባንዶች የሚመርጡት ሰዎች ዘፈኑን ዓርብ እስከ ቀትር ድረስ ብቻ ይጠብቃሉ። ሚክሱ፣ ድምፆቹን ማመጣጠኑ፣ እኔ ላይ ነው።

ያለኝ፦ ላፕቶፕ፣ ሄድፎን፣ በሐጂ ዑመር አልጋ ቤት አንድ ጠባብ ክፍል፣ የሚመጣና የሚሄድ መብራት።

ማክሰኞ

ክፍሏን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ስለቀዳሁ ድራሙ ደረቅ ነው። ካርቶን የምትደበድብ ነው የሚመስለው። ሬቨርብ ይፈልጋል፤ ድምፁ ግድግዳ መትቶ የሚመለስበት ቤት። ለሙከራ ያወረድኳቸው፣ ሬቨርብ የሚሠሩ አራት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ፕለግኢኖች፣ አሉ። አራቱንም ጫንኩ። ስል ድምፅ ላለው ትንሹ ከበሮ ለስኔሩ አንድ፣ ለሌሎቹ ከበሮዎች ለቶሞቹ አንድ፣ ለነሐሱ ሳህን ለሲምባሉ አንድ፣ በእግር ለሚመታው ለኪኩም ትልቅ አዳራሽ የሚመስለውን። የሰርግ ዘፈንና መንዙማ ስሠራ ደንበኛው ሁሉ «ኤኮ ጨምርበት» ይለኛል፤ እጄ ለምዷል።

ኔትወርክ ወዳለበት ዳገት ወጥቼ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«አብዲ፣ ድራሜን ጉድጓድ ከተህ ነው ክዳን የገጠምክበት? አንድ እጄን ባጃጅ ሰበረው፣ ሌላውን አንተ ቀበርከው።»

ተከራከርኳት። ስልኩን ዘግቼ ደግሜ ሰማሁት። እውነቷን ነው።

ረቡዕ

ዝናብ። መንገዱ እንደ ትናንቱ። ደህና ያልኩት ፕለግኢን የሙከራ ጊዜው ዛሬ አለቀ።

ያደረግኩት፦ ከኪኩ ላይ ሬቨርቡን አነሳሁ። ከሬቨርቡ ወፍራሙን ድምፅ ቆረጥኩ። ጅራቱን አሳጠርኩ፣ የሚቀጥለው የስኔር ምት ሳይመጣ እንዲሞት። የድምፁ ጭቃ ቀለለ። ግን ፌቨን ሰው አገር በእንግድነት የተቀመጠች ትመስላለች።

ከሰዓት ሐጂ የቡና መጋዘናቸውን በር በመክፈት እንዳግዛቸው ጠሩኝ። በዚህ ወር ባዶ ነው። የብረቱ መወርወሪያ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ድምፁ ግድግዳውን ዞረና ቶሎ ሞተ። ቆምኩ። አጨበጨብኩ። ደገምኩ።

«ጂን ነው የምትጠራው?» አሉ ሐጂ።

«ቤት አግኝቼ ነው፣ ሐጂ።»

የአንድን ቤት ድምፅ ተቀብሎ ሬቨርብ የሚያደርግ ነፃ ፕለግኢን ላፕቶፔ ላይ አለ፤ እስከዛሬ ነክቼው አላውቅም። የሚፈልገው አንድ ስል ፍንዳታ ብቻ ነው። ፊኛ ገዛሁ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን ስላላቆመ መቅዳት አልቻልኩም።

ሐሙስ

ንጋት ላይ ለሩብ ሰዓት አባራ። መጋዘኑ ውስጥ አንደኛዋን ፊኛ ሳፈነዳ አህያ ጮኸች። ሁለተኛዋን ሐጂ ሳሉባት። ሦስተኛዋ ጥርት አለች፤ በስልኬ ቀዳኋት።

ከኪኩ በቀር የድራሙን ድምፅ ሁሉ በፕለግኢኑ እዚያ መጋዘን ውስጥ አስቀመጥኩ። ስኔሩ ላይ ፕሌት የሚባለውን ሬቨርብ በትንሹ ጨመርኩ፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ይዞት ከመጣው። ሬቨርቡን እስኪጠፋብኝ ዝቅ አደረግኩና ከዚያ በጥቂቱ ከፍ።

ለሐጂ ሄድፎኑን ሰጠኋቸው።

«ኤኮው የታለ?» አሉ።

ሬቨርቡን አጠፋሁት።

«ምን ነካህ፣ ቤቱን አፈረስከው እኮ።»

መለስኩት። ከዚህ ወዲያ አልነካውም።

ዓርብ

ኔትወርክ ያለው ከመስጊዱ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ቆሜ ነበር። ሁለቴ ተቋረጠ። አምስት ተኩል ላይ ለድሬዳዋዎቹም ለፌቨንም ደረሰ። ሐጂ ወደ ጁምዓ ሲያልፉ «ሄደ?» አሉኝ። ሄደ።

ፌቨን ባጃጅ ውስጥ በሾፌሩ ማጫወቻ አስከፍታ ሰማችው። እዚያው ሆና ደወለችልኝ።

«ጀሶው ውስጥ ጣቶቼ መቱ» አለች። «ይሄ ቤት የት ነው?»

«መቻራ። የቡና መጋዘን ነው።»

«እኔን አወጣኸኝ። አንተስ መቼ ነው የምትወጣው?»

ወርጄ መንገዱን አየሁት። አይሱዙዎቹ አሁን ሰባት ሆነዋል። ወንዙ አሁንም ትናንት የደረሰበት ድንጋይ ላይ ነው። ከድሬዳዋም ገና መልስ የለም።