ኪስ ውስጥ የገባው የስልክ መሰኪያ

ለተከበሩ የፊልም ሽልማት ዳኞች ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በሽልማቱ ዕለት ድምፅዎ ትንሽ ሻክሮ ስለሰማሁት፣ ጉንፋኑ እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት ሁላችንም ደህና ነን፤ አባቴ ብቻ ወንጀለኛ ሆኗል።

የዓመቱ ምርጥ ብላችሁ የሸለማችሁት ፊልም ከአርባ አንድ ዓመት በፊት በሴራ ስለተገደሉት ሚኒስትር የሚያወራው ነው። በፊልሙ ውስጥ «አቤት ባዩ» የሚባል የመሥሪያ ቤቱ ስልከኛ፣ ሚኒስትሩን ለማስጠንቀቅ የተደወለውን ጥሪ ሆን ብሎ ያቋርጣል፤ እሳቸውም ወጥተው ይሞታሉ። አቤት ባዩ አባቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ገመድ ከቀዳዳ እየሰካ ሰውን ከሰው ሲያገናኝ፣ ለደወለው ሁሉ ከ«ሃሎ» በፊት «አቤት» ስለሚል ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው። የፊልሙ ደራሲ ሦስት ቀን ሳሎናችን ተቀምጦ ሲያስወራው ይህን ሁሉ በደብተሩ ጽፏል። ደውዬ ብጠይቀው ግን «ትክክለኛ ስሙን መች ጠራሁ?» አለኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው።

እርስዎም ሽልማቱን ሲሰጡ «ጥበብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይደለችም» አሉ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም በቴሌቪዥን እያየሁ፣ ልክ ናቸው ብያለሁ። ስለዚህ የሚከተለውን የማቀርበው ለክስ ሳይሆን ለምስጋና ነው።

፩ኛ፦ ፊልሙ ውብ በመሆኑ አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ለሽሙጥ አይደለም። ተዋናዩ ጥሪውን ሲያቋርጥ፣ አባቴ መሆኑን ረስቼ ጠልቼዋለሁ።

፪ኛ፦ ከልደት ቀኔ ስላሳረፋችሁኝ አመሰግናለሁ። ሚኒስትሩ በተገደሉበት ዕለት አባቴ ፈቃድ ወስዶ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር፤ እናቴ እኔን እያማጠች። በእሱ ቦታ የተቀመጠችው ባልደረባው፣ እንዲህ ያለ ጥሪ ጭራሽ እንዳልመጣ እስክትሞት ድረስ ተናግራለች። ደራሲው ይህንንም በደብተሩ ጽፎት ነበር። እኔ ከተወለድኩ ሴራው ስለሚበላሽ ግን እንዳልወለድ ተደርጓል።

፫ኛ፦ ስልከኛው የገመዱን መሰኪያ ነቅሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ስለሚከትበት ትዕይንት አመሰግናለሁ፤ ዳኞቻችሁ «የማይረሳ» ብለውታል። እውነተኛው መሰኪያ ግን በገመድ ከስልክ ጠረጴዛው ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ኪስ ውስጥ መክተት ማለት ጠረጴዛውን ተሸክሞ እንደመውጣት ነው። አባቴ መጀመሪያ ሲያየው እንባው እስኪፈስ ስቆ «ምነው ወንበሩንም በጨመሩልኝ!» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም። አባቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መርሳት ጀምሯል። ፊልሙን ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ ያሳያል፤ ጎረቤቱ ሰላምታ ነስቶታል። ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እጄን ይዞ «ልጄ፣ ያቺን ጥሪ ባላቋርጣት ኖሮ ሰውየው ይተርፉ ነበር» አለኝ። «አባዬ፣ ያን ቀን እኮ እኔ ስወለድ ሆስፒታል ነበርክ» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና «እኔን ለማዳን ብለሽ አትዋሺ» አለ። ከዚያ ኮቱን አውርዶ ኪሶቹን መፈተሽ ጀመረ። የሚፈልገው መሰኪያውን ነው።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። ሳህኖቹን አንስቼ አጠብኩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ አባቴ ግን ስሙ ቀድሞት ተቀበረ። ይህን ስጽፍ ንዴት እንኳ አይሰማኝም፤ ደንዝዣለሁ።

ፊልሙ ይታገድ አልልም። የምለምነው፣ መጀመሪያው ላይ «ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው» የምትለዋን መስመር እንዲያስነሱልኝ ነው። ጥበብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ካልሆነች፣ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም ምን ልታደርግበት ወሰደችው?

ረጅም ዕድሜ፣ ከዕድሜም ጋር የማይከዳ ትዝታ እየተመኘሁልዎት፣

አክባሪዎ፣
የአቤት ባዩ ልጅ፣
በፊልሙ አቆጣጠር ገና ያልተወለደች

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ አባቴ ዛሬ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ በር አጠገብ ተቀምጧል። ለፖሊስ እጁን ሊሰጥ ነው፤ መሰኪያውን ሳይዝ ግን አልሄድም ብሏል። የፊልሙ ሰዎች በሽልማቱ ዕለት በመስታወት ሣጥን ያበረከቱልዎትን፣ ያንኑ በፊልሙ የታየውን መሰኪያ እርስዎ ለጥቂት ቀን ቢያውሱኝ፣ እንቅልፍ ሲወስደው ኪሱ ውስጥ እከትለታለሁ። መፈለጉን እንኳ ይተው።