በዓሣ መፈለጊያ ወንድሜን ፍለጋ

ሰኞ

ዛሬም አልተገኘም። ቀኑን ሙሉ መንጠቆ ሲጎትቱ ውለው ያወጡት የግራር ቅርንጫፍ ነው። ግድቡ ሲሞላ ውሃው የዋጠው ግራር ሁሉ እዚያው ታች ቆሞ ቀርቷል፤ መንጠቆው እሱን ይይዝና "ያዘ! ያዘ!" ይባላል፣ ከዚያ እንጨት ይወጣል። እንጨት ጠላሁ።

ወንድሜ ጀማል ቅዳሜ ብቻውን መረብ ሊያነሳ ገባ። ታንኳው ተገልብጣ ተገኘች። እሱና መረቡ የሉም።

አያ መንገሻ ዛሬ አንድ ነገር ትዝ አለው። ከጀማል ጋር ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ነው፤ አሁን የምንፈልግበት ጀልባም የእሱ ነው። ማኅበራቸው በእርዳታ ያገኘው ዓሣ መፈለጊያ መጋዘን ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጧል አለ። ሰጪዎቹ አምጥተው ፎቶ ተነሥተውበት ሄዱ እንጂ አሠራሩን ያሳያቸው የለም።

"ዘይነባ፣ አንቺ ቆቦ ላይ የስንቱን የሞተ ስልክ ታነሺ የለ? እስቲ ይሄንን አስነሽልን።"

ስልክ መጠገንና ይሄ ምን አገናኛቸው! ግን እሺ አልኩ። ሌላ ምን አለኝ?

እናቴ ድንኳን አላስተክልም ብላለች። ለቀስተኛው ከዋጃም ከጎብዬም መጥቶ በር ላይ ይቆማል፤ እሷ ዓይኗ ደርቆ "ልጄን አምጡልኝና አለቅሳለሁ" ትላለች። ከቅዳሜ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወጣትም። እህልም አልቀመሰችም። አንዱን ቀብሬ ሌላዋን እንዳልቀብር ፈራሁ፤ አንዱንም ገና አልቀበርኩ።

ማክሰኞ

ካርቶኑን ከፈትኩ። ስክሪን አለው። ረጅም ገመድ ያላቸው ሁለት ሴንሰሮች አሉት። መመሪያ ደብተሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥዕል ባይኖረው ጉድ ሆኜ ነበር።

አሠራሩ አይከብድም። ሴንሰሩ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ የነካውን ነክቶ ሲመለስ ስክሪኑ ይስለዋል። የከበደኝ ምርጫው ነው። አንደኛው ሴንሰር ጀልባው ውስጥ ወለሉ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ውሃ አይነካም፣ መብሳት የለም። ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ግን እሱ ለፕላስቲክ ጀልባ ነው። የአያ መንገሻ ጀልባ ሳንቃ ሆኖ ከላዩ ቆርቆሮ የለበሰ ነው፤ ድምፁ እንጨቱ ውስጥ ሞቶ ይቀራል። እንግዲህ ሁለተኛው፣ ከውጭ ታስሮ ውሃ ውስጥ የሚገባው ነው።

እሱ ደግሞ በብሎን ይታሰራል። አያ መንገሻ መሰርሰሪያውን ሲያይ ጀልባው ላይ ተዘርግቶ ተኛበት።

"በማርያም! ጀልባዬን በስተሽ ሌላ ሬሳ ልታስፈልጊ ነው?"

ተጣላን። እኔም አፌ አያርፍ፣ የማይባል ተናገርኩ። በኋላ እሱ ራሱ መላ አመጣ፦ አንድ አጣና በጀልባው ጎን ቁልቁል አስረን ሴንሰሩን ጫፉ ላይ ብንገጥመውስ? ዋጃ ሄጄ በያጁ የብረት መያዣ ሠራልኝ። የጎረቤት ባጃጅ ባትሪም ተዋስኩ። ነገ እንሞክራለን። ኢንሻ አላህ።

ረቡዕ

ጠዋት ልወጣ ስል እናቴ ያዘችኝ። እናቴ ዱበርቲ ናት፤ ዱአ ሲደረግ ሰፈሩን የምትመርቀው እሷ ናት። አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ሙሽራ፣ የተገዛ በሬ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል።

"አዲስ ነገር ደረቁን ከቤት አይወጣም" አለች።

ግንባሬን ለጋ ቅቤ ቀባችኝ። ከዚያ ዕቃው ላይ ጎንበስ አለች። እኔ የሽቦ ጫፍ እየላጥኩ ስለነበር ዞር ብዬ አላየኋትም፤ "ያ ረቢ፣ ዓይን ሁነው" ስትል ብቻ ሰማሁ።

ከዚያማ ግድቡ ላይ የሆነው ምኑ ይጻፋል። ስክሪኑ በራ፣ ምንም አላሳየም። ዓሣ አይደለም፣ ሬሳ አይደለም፣ የግድቡን መሬት እንኳ አላገኘም። ባትሪ ቀየርኩ። ሽቦውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። አጣናውን ዝቅ አደረግነው፣ አቃናነው፣ ወደ ሌላው ጎን አዞርነው። ባዶ። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን አስቀምጠው አዩኝ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ መንገሻ ወደ ደጋው እያየ፣ "ጠቁሯል" አለ። "ጎርፉ ከወረደ ደለል ያለብሰዋል። ከዚያ ወዲያ ፈልግ ብትሉኝም አልፈልግም።"

ዳር ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እኔን ማልቀስ አያቅተኝም። ያቃታት እናቴን ነው።

ሐሙስ

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ጠዋት ሴንሰሩን በረሜል ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ምናልባት ተሰንጥቆ ይሆናል ብዬ። አልተሰነጠቀም። ግን ድምፅ የሚወጣበት ፊቱ ላይ የአየር አረፋ ተለጥፎበታል፤ ባራግፈው አይለቅም። በጣቴ ነካሁት። አዳለጠኝ። አሸተትኩት።

ቅቤ!

ፊቱን ደህና አድርጋ ለቅልቃዋለች። ቅቤው ውሃውን አላስጠጋ ብሎ አየር አቅፎ ተቀምጧል፤ ድምፁ በየት በኩል ይለፍ? ደሜ ፈላ። አንድ ቀን ሙሉ! ደጋው እየጠቆረ! ልጮህባት ብድግ አልኩ። ደጃፉ ላይ በጦም አንጀቷ ተኮራምታ አየኋትና ተውኩት። ሳሙናውን በቀሚሴ ሸፍኜ በጓሮ ልዞር ስል አየችኝ።

"ምንድን ነው የምትደብቂኝ?"

ነገርኳት። እጇን ገልብጣ አየች። ከዚያ፣ "እኔ ነኛ ያሳወርኩት" አለች።

"አይደለም እማ።" እውነት ለመናገር ሌላ ጊዜ አለ።

እጇን ዘረጋች። "አምጪው። ጀማልን እኔ አላጥበውም፤ የወንድ ጀናዛ የሚያጥቡት ወንዶች ናቸው። ይሄን ማን ይከለክለኛል?"

ቢስሚላህ ብላ ከቀኝ በኩል ጀመረች። በሳሙና አጠበችው፣ አለቀለቀችው፣ ደግሞ አጠበችው። አንዴ ይበቃዋል አላልኳትም።

ግድቡ ላይ፣ አጣናው ውሃውን እንደነካ ስክሪኑ ላይ መሬት ተሳለ። አያ መንገሻ አማተበ። ቀስ ብለን ቀዘፍን። ግራሮቹ ቆመው ይታያሉ፤ አሁን መንጠቆ የት እንደማይጣል አወቅን። ትልቁ የግራር ቁጥቋጦ መሃል፣ መሬት ያልነካ፣ እንጨትም ያልሆነ ነገር ተንጠልጥሏል።

"አያ፣ እዚህ ጋ" አልኩ። በጣቴ አሳየሁት፤ መንጠቆውን ጣለ።

መጀመሪያ መረቡ ወጣ። ጀማል መረቡ ውስጥ ነበር።

ወደ ዳር ዙሪ አሉኝ፣ ዞርኩ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከመግሪብ ሶላት በፊት ተቀበረ። አላህ ይዘንለት።

እናቴ ግን አሁንም ዓይኗ ደረቅ ነው። "ተገኘ እማ" ስላት "አልሃምዱሊላህ" ብላ ግድግዳውን ታያለች። አሁን ምን ቀራት? ምን ላድርግላት?

አርብ

ሌሊት ጎርፉ ወረደ። ግድቡ ቀይ ጭቃ ሆኗል። አንድ ቀን ብንዘገይ... ተይው።

ጠዋት ዕቃውን ለመመለስ ካርቶኑ ውስጥ እያስገባሁ እናቴ መጣች። ሴንሰሩን አንስታ አገላበጠችው፣ በሻሿ ጫፍ አደረቀችው። እኔ ሳላስበው የቅቤውን ቅል በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁት። አየችኝ።

"ደግሜ እንዳልቀባብሽ ነው?"

ሳቄ አመለጠኝ። በዚህ ቀን! አፌን ይዤ አየኋት፤ እሷም እየሳቀች ነው። ጀማል ቢኖር እንዴት ባበሸቃት ነበር። ይሄን ሳስብ እሷም አሰበችው መሰለኝ፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና "ጀማሌ!" አለች። ሴንሰሩን ደረቷ ላይ ይዛ ቁጭ አለች፣ ከዚያ ጮኸች።

ጎረቤት እየሮጠ መጣ። ሴቶቹ ከበዋት ለቅሶዋን እየተቀበሏት ነው፣ ወንዶቹ ድንኳን እየተከሉ ነው። ጓዳ ገብቼ ነው ይሄን የምጽፈው፤ ድምጿ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

አልሃምዱሊላህ። እናቴ አለቀሰች።