ለዕድሩ የነገርኩት ሕመምህ

እንድሪስ ሆዴ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ዘንድሮም ለማፍጠሪያ የሠራሁት ሾርባ ተርፎኝ ለጎረቤታችን ለአዴ ጫልቱ ሰጠሁ። ለአንድ ሰው መሥራት እስካሁን አልለመድኩም።

ግቢው ጭር ብሏል። ከወሎ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ነገሌ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ዘንድ አልነበር? ወደ ወርቁ ጉድጓድ የሚሄደውም ከዚያ የተመለሰውም አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርቦ ሲያድር፣ መስኮት ልክፈት ስል ብርድ ታስገቢብናለሽ ብለህ ትቆጣኝ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ የሚቆጣኝም የለም።

ኪኒንህን ለወንድምህ ለሰይድ ማካፈልህ ግን አሁንም ያበግነኛል። ስድስት ወር ሳታቋርጥ ዋጥ ተብለህ ነበር። አንተ ትንሽ ሲሻልህ፣ እሱም ሲያስል ብታይ፣ ከአንድ ትሪ እየበላን እንዴት ለብቻዬ እድናለሁ ብለህ ግማሹን ሰጠኸው። ቸርነትህ ማንንም አላዳነም። በሽታው ብሶብህ ተመለሰ፣ መድኃኒቱም አልሠራልህ አለ። ስትሞት ለቀስተኛው ምን ነካው ሲል እናትህ ብርድ ነው አሉ። አንተም ለሰው እንዳትናገሪ ብለኸኝ ነበርና ዝም አልኩ።

ዓመት ሳይሞላ ሰይድ ከወርቁ ቦታ ደም እየተፋ መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ለእሱ መድኃኒቱ ይሠራል ተባለ። ግን በየቀኑ ሰው እያየው መዋጥ ነበረበት። ሳሉ ቀለል ሲለው ድኛለሁ ብሎ ወደ ወርቁ ሊመለስ ልብሱን መሸከፍ ጀመረ። አንተኑ አየሁበት። እናትህም የእሱን ወገን ያዙ፤ የፈሩት ቤታችን የሳል ቤት ተብሎ እንዳይጠራ ነው። ብቻዬን ምን አቅም አለኝ?

የዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። "እንድሪስን የገደለው ብርድ አይደለም፣ ቲቢ ነው። ለቀብሩ ሁላችሁም መጣችሁ። አሁን ደግሞ ሰይድ ሳይሞት ኑልኝ" አልኳቸው።

ለለቅሶ ድንኳን ለመትከል እንደሚመዳደቡት፣ ሰይድን በየማለዳው የሚያስውጥ ተራ አወጡ። በማግስቱ ማለዳ የመጀመሪያው ተረኛ ደጃችን ሲቆም እናትህ ልጄን በቁሙ ልትቀብሩት ነው ብለው አለቀሱ፤ እኔንም አኮረፉኝ። አንዳንዱ ጎረቤትም እኛ ቤት ውሃ መጠጣት ተወ። አዴ ጫልቱ ግን ተራቸው ሲደርስ ናጋ ብለው ሰላምታ ሰጥተው ገብተው ሰይድ ካልዋጠ ከበርጩማው አይነሱም። እሱም ፖሊሷ መጡ እያለ ይስቅባቸው ነበር። ቀስ በቀስ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ እናትህም ጭምር፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ተመረመረ።

ሰይድ መድኃኒቱን ጨረሰ። ነጻ ነህ የተባለ ዕለት እናትህ አንገቴን አቅፈው ብዙ አለቀሱ፤ ስለ አንተ ይሁን ስለ እሱ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ወደራ ከተማ ሥራ አገኘና እሳቸውንም ወሰዳቸው። ደስ ብሎኛል። ግን ተረኞቹም ቀሩ፣ ማለዳ በሬን የሚያንኳኳ የለም፣ ሌሊቱም አልነጋ ይለኛል። ናፍቀኸኛል እንድሪስ።

ሰሞኑን ከዱብሉቅ በኩል ከብቶቻቸው በድርቅ ያለቁባቸው ሰዎች ሰፈራችን ገብተዋል፤ እንደኛ ቤት ብዙ ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድሩት። የአንደኛው ቤት አባወራ ያስላል፣ ሚስቱም ብርድ ነው ትላለች። ትናንት ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ያንተን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ዛሬ ጤና ጣቢያ አብረን ወሰድነው።

ባል ነበረሽ ወይ የሚለኝ ሁሉ ስምህን ይሰማል፤ በምን እንደሞትክም ይሰማል። ታፍርበት እንደነበር አውቃለሁ፣ ከፈለግህ ተቀየመኝ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ባትወደውም እንዲህ ነው የማስታውስህ።

ዘሃራህ