ሰገነትን ኮሪደር ላይ ላላወቋት ጓድ ሐኪም

ለክቡር ጓድ ዶክተር አንዳርጋቸው ቢያዝን፤
የሐይቅ ዳር ጤና ጣቢያ ኃላፊና የዘንድሮው ኮከብ ሐኪም፤
ባሕር ዳር።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ የደም ግፊትዎ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? ጥያቄዬ የደብዳቤ ወግ ብቻ አይምሰልዎት፤ ከልቤ ነው። አንድ ቀን አሞዎት በራስዎ ጤና ጣቢያ ተራ መያዝ ቢያስፈልግዎት ምን እንደሚጠብቅዎት ስለማውቅ፣ ለጤናዎ ስጸልይ አድራለሁ። እኛ እዚህ ደኅና ነን፤ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ የለንም።

ጸሐፊው መርስዔ ኀዘን ክንዱ እባላለሁ። ስሜ ከሐሳብዎ ጠፍቶ እንደሆነ ላስታውስዎት፤ ሰው መርሳት በእርስዎ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለምና። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በጣና ላይ ጀልባ ስነዳ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ከጤና ጣቢያዎ በስተጀርባ ያለው፣ እርስዎ በዓል በመጣ ቁጥር ጠጅ የሚጠጡበት ቤት ነው። ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንዲለጠፍልኝ የሰጠሁት፣ ጓድ ሊቀ መንበራችን ባለፈው ስብሰባ «ሂስ ይለመድ፤ ሂስ ሰውን ያንጻል» ስላሉን ነው። እኔም እርስዎን ለማነጽ ያህል ብዕሬን አንስቻለሁ።

በመጀመሪያ ምስጋና ላቅርብ። አምና ጤና ጣቢያዎ ጡረተኞችን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ጡረተኛ ለራሱና ለባለቤቱ አንድ ሐኪም በፈቃዱ ይመርጣል፣ የተመረጠውም ሐኪም እስከ ዕድሜ ፍጻሜው ይከታተለዋል ያለ ዕለት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በስተርጅና «ምረጥ» መባል ትልቅ ነገር ነው። ምርጫው ደግሞ ሰፊ ነበር፤ ወይ እርስዎ፣ ወይ ትምህርቷን ጨርሳ ገና የመጣችው ዶክተር ጀሊላ። ጎረቤቴ አቶ ሙሔ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ለጡረተኛ እናቱ ዶክተር ጀሊላን ሲመርጥ ጊዜ ሳቅሁበት። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልጅ እግር ናት፣ ምን ታውቃለች?» አልሁት። እርስዎም በዚያው ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ባለቤቴ ሰገነት የጠበሰችልዎን ዓሣ እያጣጣሙ፣ «አበልጅ እያላችሁ ሌላ ሐኪም ብትመርጡ እቀየማችኋለሁ» አሉን። እኛም ቅያሜዎን ፈራን። ስማችንን በእርስዎ ሥር አስመዘገብን፤ ያ አልበቃ ብሎን ወዳጆቻችንን ሁሉ «አበልጃችን ነው፣ ሰው አይበድልም» እያልን ወደ እርስዎ ነዳናቸው። ብዙ ጡረተኛ የመረጠው ሐኪም እንደሚሸለም የሰማሁት በኋላ ነው። ኮከቡን ደረትዎ ላይ አይቼዋለሁ፤ ያምርብዎታል።

አሁን ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር ላቅርብ። ተራ መያዝ ከእርስዎ ዘንድ የተማርሁት ነገር ነው።

፩ኛ. ስለ ቀጠሮ። ባለፈው መስከረም የሰገነት ቀኝ ዓይን ቀላ፤ ራሷን ከፍሎ ያማት ጀመር፤ መብራት ስታይ «ዙሪያው ቀስተ ደመና ይመስለኛል» አለች። ብንመጣ ለጥቅምት ተቀጠርን። በጥቅምት ብንመጣ ሴሚናር ሄደዋል ተባለ። ከዚያ ሠራተኛው በሙሉ ለአጨዳ ዘመቻ ወጥቷል ተባለ። ከዚያ ደግሞ የቀጠሮ ካርዱ አልቋል፣ ሌላ እስኪታተም ታገሡ ተባለ። ኮከቡን የተሸለሙበት ዕለት ራሱ የእኛ ቀጠሮ ነበር፤ «ሐኪሙ አዳራሽ ናቸው» ስላሉን ከአዳራሹ ውጭ ቆመን ጭብጨባውን ሰማን። ሰገነትም አንድ እጇ ዓይኗን እንደያዘ ነበርና፣ ከዓይኗ ላይ አንስታ አጨበጨበችልዎ። እኔ አላጨበጨብሁም፤ ይህንም እንደ ግለ ሂስ ይያዙልኝ።

፪ኛ. ስለ አግዳሚው። ከዋርካው ሥር ላሠሩልን አግዳሚ ወንበር ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ዋርካው በዚያ በኩል፣ አግዳሚው በዚህ በኩል በመሆኑ ጥላው ባይደርሰንም፣ ከሩቅ ማየቱ ብቻ ያቀዘቅዛል። እዚያ ተቀምጠን ስንጠብቅ የተዋወቅን ሰዎች እድር ለማቋቋም ተነጋግረናል። ሐሳቡን ያመጡት አሮጊት ወይዘሮ ሸዋዬ ነበሩ፤ እድሩ ሳይቋቋም የቀበርናቸውም እሳቸውን ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸውም እርስዎን የመረጡት በእኔ ምክር ነበር።

፫ኛ. ስለ መፈክሩ። በመግቢያው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «ጤና ለሁሉም በ2000 ዓ.ም.» የሚል አጽፈዋል። ሰገነት ምን ይላል ብላ ጠይቃኝ አነበብሁላት። ጥቂት አሰበችና «በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ?» አለችኝ። እንጃ አልኋት። ክቡርነትዎ ይህን ቢያስረዱን ደስ ይለናል፤ በፈረንጅ ከሆነ የጥቂት ዓመት ቅናሽ አለውና።

፬ኛ. ስለ ነፃ ምርጫችን። የአቶ ሙሔ እናት ዶክተር ጀሊላ ዘንድ በሄዱ በሳምንታቸው ጉልበታቸውን ታክመው ገበያ ሲወጡ ባየሁ ጊዜ፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወደ ካርድ ክፍል ሄድሁና «ሐኪም መቀየር እፈልጋለሁ» አልሁ። እዚያ ያለችው ሙሉነሽ የምትባል ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ መቀየር የሚቻለው የተመረጠው ሐኪም ሲፈርምበት ብቻ ነው አለችኝ። እርስዎ እንዲፈርሙ እርስዎን ማግኘት ያሻል፤ እርስዎን ለማግኘት ቀጠሮ ያሻል፤ ቀጠሮው እንዴት እንደሆነ ከላይ ተናግሬአለሁ። ሰገነትን ሳገባ እንኳ ሽማግሌዎቹ ይህን ያህል አላጠበቁብኝም።

፭ኛ. ይኸኛውን ለመጻፍ ብዕሬን ደጋግሜ አስቀምጫለሁ።

የግድግዳ ጋዜጣውን የሚያነቡ ሰዎች እንዳይደናገሩ ትንሽ ላስረዳ። ሰገነት ስለዚህ ነገር ትንፍሽ እንዳልል፣ «እንጀራውን ታሳጣዋለህ» ብላ አስምላኛለች። እንግዲህ መሐላዬን አክብሬ የምናገረው ጥቂቱን ብቻ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ሴት ልጅ ስትወለድልዎ «ካድሬው ልጁን ክርስትና አስነሣ» እንዳይባል ጭንቅ ገባዎት። ባለቤትዎ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ደግሞ ልጄ ሳትጠመቅ አትቀርም ብለው ምግብ ተዉ። ያኔ ተራ ሳይዙ ቤታችን መጡ። እኔም ሌላ ባለ ጀልባ እንዳያውቀው ብዬ ራሴ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሞተሩን ዝግ አድርጌ ወደ ዘጌ ወሰድኋችሁ። ሰገነት ልጅቷን ታቅፋ ክርስትና እናት ሆነቻት። እርስዎ ባርኔጣዎን እስከ ቅንድብዎ ደፍተው ጀልባዋ ላይ ቀሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አበልጆች ሆንን። የደብሩን ስም አልጽፍም፤ የልጅቷንም የክርስትና ስም አልጽፍም፤ መሐላዬን ማክበሬ በዚህ ይታወቅልኝ።

በየካቲት የዓይን ሐኪም ከጎንደር ለአንድ ቀን ይመጣል ተባለ። እርስዎም በወይዘሮ ፀሐይወርቅ በኩል «መጀመሪያ የምትገባው አበልጄ ናት» ብለው ላኩብን። እንዴት እንደ ተደሰትን! ሰገነት አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ከኮሪደሩ መግቢያ ተቀመጠች። ቀኝ ዓይኗ ከጨለመ ሰንብቶ ነበር፤ ግራውም ይጋረድባት ጀምሯል፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። እርስዎ ከደብረ ማርቆስ የመጡ የፓርቲ እንግዶችን እያስጎበኙ ሲመጡ ድምፅዎን ሰማች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጅ ነሥታ፣ «አበልጄ፣ መጡልኝ?» አለች።

ከእንግዶቹ አንዱ ዞር ብሎ አየዎት። እርስዎም «እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው? ተራ ያስይዟቸው» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ሰገነት ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝና ፊቷን ወደ እንግዶቹ መልሳ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዓይኔ ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር ተሳስቼ ነው» አለች። እርስዎ ያላከሙት ዓይን ጠበቃ ሆኖ ቆመልዎት። እንግዶችዎን ይዘው አለፉ። ቢያንስ ማታ ሹልክ ብሎ ይመጣል፣ ይቅርታ ይላል ብዬ በሬን ሳልዘጋ አመሸሁ፤ የመጣ የለም። ተራ ግን በትእዛዝዎ መሠረት ተይዞላታል። የዓይን ሐኪሙ የእንግዶቹን ዓይን አይቶ መነጽር አዘዘላቸውና በዚያው ዕለት ተመለሰ።

ብዙ ሰው አስቀይሞኛል፤ በጣና ማዕበል መካከል ጥለውኝ የዘለሉ ረዳቶች ነበሩኝ። እንዲህ ያለ ክዳት ግን አላውቅም። ክርስትና እናት ልጅቷን ታቅፋ በልጅቷ ፈንታ ሰይጣንን እንደምትክድ ያውቃሉ። ሰገነትም እንደ ሥርዓቱ ክዳዋለች። ያን ዕለት ጀልባዋ ላይ ባይቀሩ ኖሮ፣ እንድንክድ የታዘዝነው እሱን ብቻ መሆኑን በጆሮዎ በሰሙ ነበር።

፮ኛ. ስለምለምንዎ ነገር። ባለፈው ሳምንት አቶ ሙሔ ሄዶ ለምኖልን ዶክተር ጀሊላ በሻይ ሰዓቷ፣ ሻይዋን ትታ፣ ሰገነትን አየቻት። እንባዋ እየመጣ «ቀኙ አልፏል እማማ፤ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ...» ብላ ጀምራ ተወችው። የግራው ዓይን ግን ጎንደር ቶሎ ከደረሰች ይተርፋል ብላናለች። የመላኪያውን ወረቀት ጽፋ አዘጋጅታዋለች። የጎደለው የመረጥነው ሐኪም ፊርማ ነው። ወረቀቱ በጠረጴዛዎ ላይ፣ ከኮከቡ የምስክር ወረቀት አጠገብ ይገኛል፤ ሙሉነሽ እዚያ እንዳስቀመጠችው ነግራኛለች። ፊርማዎ አጭር መሆኑን አውቃለሁ።

ባይመችዎት ግን አይጨነቁ። ሰኞ ጠዋት በጀልባ ወደ ጎርጎራ፣ ከዚያም በመኪና ወደ ጎንደር እንሄዳለን፤ ወረቀት ባይኖረን ከበሩ ተቀምጠን የሚወጣ የሚገባውን ሐኪም ሁሉ እንለምናለን። ሁለታችንም በመጠበቅ በኩል ልምድ አለን። የጀልባው ልጆች ያውቁኛል፤ ሰው ፊትም ቢሆን ያውቁኛል።

እንግዲህ በዚህ ደብዳቤ ሐኪሜ አድርጌ የመረጥሁዎትን ምርጫ በአክብሮት አንስቻለሁ። ኮከቡን በእኔ ምክንያት መመለስ አያስፈልግዎትም። ከአበልጅነቱ ግን ላሰናብትዎ ብፈልግ መንገዱ ጠፍቶኛል፤ እሱ በፊርማ የሚፈርስ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም።

ለሰጡን የነፃ ምርጫ ዕድል፣ ለአግዳሚው፣ ለመፈክሩም ደግሜ እያመሰገንሁ፣ የእርስዎ ዓይን እስከ እርጅናዎ እንዲበራ፣ ማንንም ከማን ሳይሳሳቱ በሩቁ እንዲለዩ የምመኝልዎ፣ ጥላ በማይደርሰው አግዳሚ ጫፍ ላይ የምገኝ ትሑት ተራ ጠባቂዎ፣

መርስዔ ኀዘን ክንዱ
ጡረተኛ የጀልባ ነጂ
ባሕር ዳር፣ መጋቢት 1979 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ሰገነት ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፤ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም አታየውም። ዛሬም ለጠየቃት ሰው ሁሉ «እኔ ነኝ የተሳሳትሁ» እያለች ነው። በየዓመቱ ለትንሣኤ ለልጅዎ አዲስ ማተብ እንደምታስርላት፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅም ከአንገትጌዋ ሥር እንደሚደብቁላት ያውቃሉ። ዘንድሮም ጥቁሩን ክር በጣቷ እየዳሰሰች ገምዳዋለች፤ ቋጠሮው አልታያት እያለ ስትፈታው ስትቋጥረው ነው የሰነበተችው። በራችን ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከሰኞ በፊት መጥተው ይውሰዱት። ቀጠሮ አያስፈልግዎትም፤ ከደጅ ይጣሩ ብቻ፣ ድምፅዎን ታውቀዋለች።