ቀይ የወጣው እርሾ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

«በሳህኖቹ ላይ የታየው ቀይ ቀለም የብክለት ምልክት በመሆኑ ጥናቱ ተቀባይነት የለውም። ተማሪዋ ንጽሕናው ካልተጠበቀ የፋርሶ ቤት ናሙና መውሰዷም አግባብ አይደለም።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። የኮሌጃችን ገምጋሚ ኮሚቴ ነው የጻፈው። እንደ ሌላው ማክሰኞ ሁለት ክፍል አስተምሬ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ብክለት? ቀዩ እኮ ነው ውጤቱ! ነጩ ነው በሽተኛው!

የተመታችው ሊሊሴ ናት፣ የማማክራት ተማሪ፤ የምታጠናውን እርሾ ከፋርሶ፣ ማለትም ከጠላ ጠማቂዎች ቤት ያመጣችው። ሰኔ ላይ ካልተመረቀች አኖ ከተማ ያገኘችውን የመምህርነት ቦታ ለሌላ ይሰጡባታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ባለቤቴ ጸሐይወርቅ ቁርስ ላይ «ዳቦው ምን አደረገህ?» አለችኝ። ለካ እየቦጫጨቅኩት ነው።

አስረዳኋት። ፕሪዮን ማለት ቅርጹ የተጣመመ ፕሮቲን ነው። ጤነኛውን ሲነካ እንደ ራሱ ያጣምመዋል። ተያይዘው ይከመራሉ፤ እንዲህ ያለው ክምር አሚሎይድ ይባላል። እርሾ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ክምሩን ሰብስቦ አንድ ጥግ የሚያጉር ፕሮቲን አለው። ከዚያ ሴሏ ስትወልድ ልጅቷ ንጹሕ ሆና ትወጣለች።

«እንግዳ ሲመጣብህ ልብስህን ሁሉ መኝታ ቤት ጠቅጥቀህ በሩን እንደምትዘጋው?»

...አዎ። ልክ እንደዚያ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ዶክተር ሮብሳንን ቢሮው ድረስ ሄጄ ያዝኩት። ኮሚቴውን የሚመራው እሱ ነው። የቡና በሽታ አጥኚ... ቀይ ነጠብጣብ ካየ መርጨት ያምረዋል።

«እውነቱን ንገረኝ። ፋርሶው ነው አይደል? ሊሊሴ የቤተ ክርስቲያናችሁ ዘማሪ ሆና ጠላ ቤት ገባች ብላችሁ ነው!»

ሳቀብኝ። «ያ ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ፣ እኔን እናቴ ፋርሶ ሸጣ አይደል ያስተማረችኝ? ይልቅ ከአየር የሚገባ ቀይ እርሾ እንዳለ ታውቃለህ። ያ አለመሆኑን በምን አረጋገጥክ?»

«በእውቀቴ!»

«እውቀትህን ሳህን ላይ አብቅለህ አምጣልኝ።»

በሩን አላትሜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቀዘቀዝኩ። ጥያቄው ልክ ነው። ኮሚቴው ግን ይህን ጠይቆ ጥናቱን ለእርማት መመለስ ሲችል ለምን ፈረደ? እኔስ ለምን ቀድሜ አልጠየቅኩም?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

«አከም ቡልተን፣ ዶክተር» ብላ ሰላም አለችኝ ሊሊሴ። ዓይኗ አብጧል። እንዳላየሁ ሆንኩ።

በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ ስድስት ጠማቂዎች ቤት ዞራ ነው እርሾውን ያመጣችው። ዕቃውን በመዘምራን ቦርሳዋ ደብቃ። ድርቤ የምትባለዋ ጠማቂ «ሰው ከላይ ይጠጣል፣ አንቺ አተላውን ትለምኛለሽ... ምን ዓይነት ሱስ ነው?» ብላ አላግጣባታለች። ሊሊሴ ከጠማቂዎቹ እርሾ ያንን ጠራጊ ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ወስዳ፣ ፕሪዮን ወዳለበት የላቦራቶሪ እርሾ አስገባች። የላቦራቶሪው እርሾ ፕሪዮን ሲኖርበት ነጭ ነው፤ ካስወገደ ይቀላል። ስድስቱም ቀሉ። ያን ቀን እልል ብላ ነበር።

መፈተኛው ቀላል ነው። የኛ እርሾ የሚቀላው አዴኒን የሚባል ምግብ ሲያጥረው ነው። አዴኒን ጠግቦ ካደገ ነጭ ይሆናል። ከአየር የገባው ግን ጠገበም ተራበም ቀይ ነው። ስለዚህ ቀዮቹን እንቀልባቸዋለን!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

መብራት ጠፋ። ተመለሰ። ሰደብኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

አንደኛው ነጭ። ሁለተኛው ነጭ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው... ነጭ! ሊሊሴ ወንበር ላይ ወጣች።

ስድስተኛው ሮዝ። እንደ ከረሜላ።

ጠግቦም አልነጣም፤ ሊሊሴ ከወንበሩ ወረደች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

«አምስቱ ይበቁናል» አልኳት። «ስድስተኛውን አናንሳው። ሮብሳን ምላሱን ያወጣብኛል።»

«ምላሱን ቢያወጣስ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለኔ ነው ወይስ ለዶክተር ሮብሳን?» አለች። ዱሮ እንዲህ አትናገረኝም ነበር። «ያልተመቸሽን ውጤት ብትደብቂ አባርርሻለሁ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን እኔ ላባርርዎት?»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ሳቅ መጣ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ደብዳቤውን ራሷ ጻፈችው። እኔ «ድንቁርና» የሚል ቃል ላስገባ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ሰረዘችው። ሰው ያርማል እንጂ ይታረማል ወይ በዚህ ዕድሜ? ከላይ የሷ ስም፣ ከታች የኔ። ለሮብሳን በእጁ ሰጠነው። ስለ ስድስተኛው ሳህን የሚለውን ሲያነብ ቀና ብሎ አየኝና «ይህን አንተ ጻፍከው?» አለኝ። «እሷ ናት» አልኩት። የመጨረሻውን አንቀጽ እዚህ ገለበጥኩ፦

«የስድስተኛው ቤት ውጤት ብክለት ነው፤ ኮሚቴው በዚህ ትክክል ስለሆነ ከጥናቱ አውጥተነዋል። አምስቱ ግን ብክለት አይደሉም፤ ሳህኖቹ ላቦራቶሪ ውስጥ አሉ፣ መጥታችሁ እዩ። የፋርሶ ቤት ናሙና አግባብ ያልሆነበት ምክንያት ካለም ይገለጽልን። አምስቱን ውድቅ ካደረጋችሁ ስለ እያንዳንዱ ሳህን ምክንያታችሁን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ እስከ ሰኞ ግንቦት 25 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። የቃል መልስ አንቀበልም።»