ግማሽ አድርጊው

ጥቅምት 4፣ ሰኞ
ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለልጄ ከነርሶች ማሠልጠኛ የመጣውን ደብዳቤ የደበቅኩት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። አባቷ ከሞተ አራት ወሩ ነበር። ማንበብ ስለማልችል ፖስተኛው አነበበልኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ አልፋለች።» ትታኝ ልትሄድ ነው ብዬ ፈራሁ... «አላለፍኩም» ብላ ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ብቻዬን። ልጄ ዛሬ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ቁልፍ ትተክላለች። «እኔ እንደሁ ጭንቅላት የለኝም» ትላለች።

ዛሬ በማጸዳበት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍልን ልወለውል ስሄድ አዲሷ መምህርት አልጨረሰችም። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ሰሌዳው ላይ «ግብ» ብላ ጽፋለች። አንዱ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ አለ።
«እሱ ምኞት ነው። እስከ ዓርብ ምን ትሠራለህ?»
«ቲቸር፣ በአራት ቀን ሐኪም ልሁን?»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁሉም በእሱ እጅ ያለ፣ እስከ ዓርብ የሚሠራውን አንድ ነገር በብጣሽ ወረቀት ጻፈ። ወረቀቱን ራሱ የመረጠው ምስክር ይይዘዋል። ዓርብ ምስክሩ ተነሥቶ ሠርቷል ወይም አልሠራም ይላል። በቃ። ይሄም ትምህርት ነው?

ጥቅምት 5
ሹክሹክ የሚሏት የዚያ ክፍል ልጅ ባልዲዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ድምፅዋ አይሰማም።
«እማማ፣ ምስክር ይሆኑኛል?»
«እኔ? ጓደኞችሽስ?»
«ይስቁብኛላ።»
ወረቀቷ፦ አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ እስኪሰማ። ጫፉ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ
ዋሸሁ። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። አንጀቴን በላችኝና ክፍሉ ፊት «ሠርታለች» አልኩ። ልጅቷ ተነሣች።
«እማማ አዝነውልኝ ነው። አልሠራሁም።»
የኋላው ወንበር ሳይቀር ሰማት! እኔ የምገባበት ጠፋኝ። መምህርቷ ግን አልተቆጣችም። «ገጹ በዝቶብሻል። ግማሽ አድርጊው። እሱም ካቃተሽ የግማሹን ግማሽ።»
ስንወጣ ልጅቷ «ከዋሹልኝ የት እንደደረስኩ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ስልሳ አንድ። ይህን ማን አስተማራት?

ጥቅምት 13
ሁለት መስመር። ሰማሁ።

ጥቅምት 21
አንድ አንቀጽ። ዘበኛው ከግቢው በር «ኧረ ማነው የሚጮኸው?» አለ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ! ከልጅቷ ጋር ተቃቅፈን ሳቅን።

ኅዳር 6
ሙሉ ገጽ። መወልወያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያቺው ልጅ ናት? ያው ጉሮሮ? ማንም ምንም አልጨመረላት... በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብቻ። ሰው እንዲህም ይሆናል ለካ! ቀኑን ሙሉ እጄን በአፌ እንደጫንኩ ዋልኩ።
መምህርቷ «የእርስዎስ ወረቀት የታለ እማማ?» አለች። ለቀልድ ነበር። እኔ ግን ጻፍኩ፦ ለልጄ የደበቅኳትን እነግራታለሁ። አነበበችው። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።
«በአንድ ጊዜ ይወጣል?»
«አይወጣም። አፌ ይተሳሰራል።»
«እንግዲያው ግማሽ ያድርጉት።»

ኅዳር 11
መናገሩ ቢያቅተኝ ማስነበቡስ? ደወልኩላት።
«እሑድ ቤት ነሽ?»
«ምነው እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»
«ደህና ነኝ። የምታነቢው ነገር ላመጣልሽ ነው።»
«አንቺ ደግሞ ከመጽሐፍሽ ጋር!»
ይህን ደብተር መሆኑን አልነገርኳትም። ግን ደወልኩ።

ኅዳር 15፣ እሑድ
ምስክሬ ሹክሹክ ናት። ወረቀቴን ዓርብ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ሰኞ ጠዋት እጠይቅዎታለሁ። እንዳይዋሹኝ!»
ይቅር ትለኝ ይሆን? እሱ በእኔ እጅ አይደለም። ወረቀቴ ላይም አልጻፍኩትም።
ጫማዬን አድርጌያለሁ። ይህን ደብተር የምትቀበለው ልጄ ናት፤ እሷ ስታነበው እኔ ፊቷ እቆማለሁ።